የረግረግ ዳርቻን በዕፅዋት ሥር ከመሸርሸር የመጠበቅ ዘዴ

የሐይቅ፣ የወንዝ ወይም የባሕር ዳር ረግረግ አፈሩን እያጣ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ብዙዎች ፈጥነው የሚያስቡት ድንጋይ መደርደርን ወይም ያገኙትን ችግኝ ሁሉ በጠርዙ ላይ መትከልን ነው። ሁለቱም እንደ ቦታው ሊጠቅሙ ይችላሉ። ሆኖም ዳርቻ ይዞ መቆየቱን የሚወስነው ከላይ ከሚታየው ልምላሜ ይልቅ ሥሩ የደረሰበት ጥልቀት ስለሆነ፣ ሥራው ችግኝ ከማፍላት በፊት አፈሩን ቆፍሮ በመመልከት መጀመር አለበት። ከዚህ በታች በቅድሚያ ሥር አፈርን የሚይዝበት መንገድ ይብራራል፤ ቀጥሎም ዳርቻን መመርመር፣ ተክል መምረጥ፣ በትክክለኛው ከፍታና ወቅት መትከል እና እስኪጸና መጠበቅ በየተራ ይቀርባሉ።

ሥር አፈርን እንዴት ይይዛል?

አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ወዲያው ይላቀቃል። ሥር ደግሞ ሲጫኑት ይታጠፋል፤ ሲጎትቱት ግን በቀላሉ አይበጠስም። ሁለቱ ሲዋሐዱ በኮንክሪት ውስጥ እንደተቀበረ ብረት አንዱ የሌላውን ድክመት ይሸፍናል፦ የዳርቻው አፈር ሊንሸራተት ሲል ሥሩን ይስበዋል፣ ሥሩም ተወጥሮ ጫናውን ገና ወዳልተንቀሳቀሰው አፈር ያሻግረዋል። በዚህ ረገድ ወፍራም ሥር ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከውፍረቱ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ሥር ከወፍራሙ የበለጠ መጎተትን የመቋቋም አቅም አለው። በዚያ ላይ ቀጫጭን ሥሮች ቁጥራቸው የበዛ በመሆኑ ከአፈሩ ጋር የሚገናኙበት ገጽ እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ ለረግረግ ዳርቻ ጥቂት ወፋፍራም ሥሮች ካሉት ዛፍ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ የሥር መረብ የሚዘረጋ ሣር ወይም ቄጠማ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል።

ከመወጠሩ ሌላ ሥር የሚሰጣቸው ጥቅሞችም አሉ። ሕያው ሥር የሚያመነጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽና በዙሪያው የሚኖሩ የፈንገስ ክሮች የአፈር ቅንጣቶችን ያያይዛሉ። የሞተው ሥር ደግሞ አየር በሌለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ፣ ከዓመት ዓመት እየተከማቸ ቃጫማ የሆነ አፈር ይፈጥራል። ከመሬት በላይ ያለው ግንድና ቅጠል የሞገዱን ጉልበት ይቀንሳል፤ ውሃው ሲረጋ ይዞት የመጣው ደለል በግንዶቹ መካከል ይቀመጣል፤ ደለሉ ለአዲስ ሥር መኖሪያ ይሆናል። በጀርመን ሃኖቨር በሚገኝ ከ300 ሜትር በላይ ርዝመት ባለው የሞገድ መሞከሪያ ቦይ ውስጥ የተካሄደና በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ከተፈጥሮ የባሕር ዳር ረግረግ ከነአፈሩ ተቆርጦ በመጣ 40 ሜትር ርዝመት ባለው የሣር መደብ ላይ በማዕበል ጊዜ የሚከሰተውን ያህል ከፍታ ያለው ውሃና ሞገድ ሲለቀቅበት፣ ከታየው የሞገድ መቀነስ እስከ 60 በመቶ የሚሆነው የዕፅዋቱ ድርሻ ነበር። በኃይለኛው ሞገድ ግንዶቹ ተሰባብረው ከተኙ በኋላ እንኳ የአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይሸረሸር ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ያ ሙከራ የተደረገው ውሃው በሣሩ ላይ ሲያልፍ ነው። ውሃው ከፊት ለፊት ጠርዙን ሲመታ ነገሩ ይለወጣል። የረግረግ ዕፅዋት ሥር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲሆን፣ ሞገዱ ከዚያ በታች ያለውን ሥር አልባ አፈር እያጠበ ሲያወጣ ከላይ የቀረው በሥር የተያዘ ክፍል እንደ መደርደሪያ ወደ ውሃው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቆይቶ ከጀርባው ስንጥቅ ይፈጠርና ከነሣሩ ገምሶ ይወድቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ሉዊዚያና ግዛት ስትመታ ክፉኛ የተሸረሸሩት ጨው የሚያንሳቸው ረግረጎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የነበሩት ዕፅዋት ሥራቸው ጥልቀት የሌለው ነበር፤ በአቅራቢያቸው የነበሩት ጨዋማ ረግረጎች ግን ሥራቸው ጠልቆ ስለነበር በእጅጉ ተርፈዋል። ለምለም መሆን ብቻውን ዋስትና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመትከል በፊት የሚደረግ ምርመራ

በጀልባ ወይም በእግር ከውሃው በኩል ሆነው ዳርቻውን ይመልከቱ፤ ከየብስ በኩል ሲታይ ደህና የሚመስል ጠርዝ ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላልና። ግርጌው ከተቦረቦረና ከላይ ያለው ሣር ከተንጠለጠለ፣ ችግሩ ሞገድ ወይም የውሃ ፍሰት ነው። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ በላይኛው መሬት ላይ ከታየ መሬቱ ለመገመስ ተቃርቧል። ወደ ውሃው የሚወርዱ ቦዮች ከታዩ ደግሞ ጥፋቱ ከላይ ከሚመጣ ጎርፍ ስለሆነ፣ ጎርፉን ከላይ ሳይቀለብሱ በጠርዙ መትከል ከንቱ ድካም ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ የከብት መውረጃ፣ የጀልባ ማሰሪያ፣ የሚቆፍሩ እንስሳት ጉድጓድ እንዲሁም የውሃው ከፍታ በድንገት የሚወርድበት ሁኔታ መኖሩን ያጣሩ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ውሃ ሞልቶ ቆይቶ በፍጥነት ሲጎድል፣ ዳርቻው ገና ውሃ እንደጠጣና እንደከበደ ከፊቱ የነበረውን የውሃ ድጋፍ ያጣል፤ አብዛኛው መገመስም የሚደርሰው በሙላቱ ወቅት ሳይሆን ሙላቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በአካፋ ጎንና ጎኑ 25 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ 50 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ የአፈር ቁራጭ ከጠርዙ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ያውጡ። ጎኑን በውሃ ቀስ እያሉ ሲያጥቡት ሥሩ የት ላይ እንደሚበዛና የት ላይ እንደሚያልቅ በግልጽ ይታያል፤ ሥሩ የሚያልቅበትን ጥልቀት ከውሃው መደበኛ ከፍታ ጋር ያነጻጽሩ። ሞገዱ የሚመታው ከዚያ በታች ከሆነ፣ በላይኛው መሬት ላይ ተጨማሪ ሣር መትከል ግርጌውን አያድነውም። ሕያው ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ሲይዙት ጠንከር ይላል፤ የሞተው ጥቁርና ልፍስፍስ ነው፤ ልጣጩም በጣት ሲስቡት ይሾልካል። በመቀጠል ሥር ካለው ክፍል አንድ ጉርሻ፣ ሥር ከሌለው ክፍል ሌላ ጉርሻ አፈር ወስደው በሁለት ባልዲ ውሃ ውስጥ እኩል ያንቀሳቅሷቸው። አንዱ ወዲያው ሟሙቶ ውሃውን ሲያደፈርስ ሌላው ቅርጹን ይዞ ይቆያል። መሣሪያ የማይጠይቀው ይህ ፈተና ስለ ዳርቻዎ የሚነግርዎት ነገር ከብዙ ግምት ይበልጣል።

የአፈሩንም ዓይነት ልብ ይበሉ። አሸዋማ አፈር በራሱ ስለማይያያዝ ሥር የሚጨምርለት ጥንካሬ ጎልቶ ይታያል፤ ከሥሩ በታች ያለው አሸዋ ግን በቀላሉ ይታጠባል። ሸክላነት ያለው አፈር በራሱም ይያያዛል፤ ሆኖም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲገመስም በትላልቅ ጓል ነው።

የተክል ምርጫ

ዳርቻ አንድ ቦታ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚሸፍነው ግርጌ፣ ውሃ አልፎ አልፎ የሚደርስበት መካከለኛ ክፍልና ከሙላት በላይ ያለው ተዳፋት የየራሳቸው ተክል ይፈልጋሉ። ለዚህም ምክንያቱ አየር ነው። ውሃ የሞላው አፈር አየር ስለሌለው ተራ ተክል ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ የረግረግ ተክል ግን በግንዱና በሥሩ ውስጥ ባለው ባዶ ቀዳዳ ከላይ አየር ወደ ታች ያወርዳል። ከዚህ ጋር የተያያዘውን የአጨዳ ጥንቃቄ በኋላ እንመለስበታለን።

በግርጌው ላይ ሸንበቆ፣ ፊላ፣ ደንገልና ልዩ ልዩ ቄጠማዎች ዋና አማራጮች ናቸው። እነዚህ በአፈር ውስጥ አግድም በሚሄድ ግንድ ስለሚባዙ ከአንድ ጉድጓድ ተነሥተው ዙሪያውን ይይዛሉ። ነገር ግን እኩል አይደሉም። የረግረግ ሸንበቆ አግድም ግንዱ ከ1 ሜትር በላይ ሊጠልቅ ስለሚችል ለሚመታ ዳርቻ ብርቱ ነው፤ በሌላ በኩል አስፍቶ ሌሎች ተክሎችን የመዋጥ ጠባይ ስላለው ቀድሞ በአካባቢው ከሌለ አዲስ ማስገባት አይመከርም። ፊላ ፈጥኖ ይይዛል፤ ሥሩ ግን አብዛኛው በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ደንገል ሞገድን በማለዘብ ጥሩ ሲሆን፣ ጥልቅ ውሃ ላይ ሲደርስ ሥሩ መሬት ሳይነካ ተንሳፋፊ ምንጣፍ ስለሚሠራ፣ ውሃው ሲነሣና ነፋስ ሲበረታ ተገንጥሎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደንገልን እንደ ፊት መከላከያ እንጂ እንደ ብቸኛ መያዣ ባይቆጥሩት ይሻላል። እምቦጭን የሚመለከት አንድ ስሕተትም መታረም አለበት፦ ውሃውን ስለሸፈነ ዳርቻውን የሚጠብቅ ይመስላል፤ ሥሩ ግን በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚኖር እንጂ አፈር የሚይዝ አይደለም፤ ይልቁንም ብርሃን በመከልከል እውነተኞቹን የዳርቻ ተክሎች ያዳክማል።

በመካከለኛው ክፍል አኻያ ተመራጭ ነው፤ ቅርንጫፉ እርጥብ መሬት ውስጥ ሲተከል በቀላሉ ሥር ያወጣል፤ ግንዱም ተለማጭ ስለሆነ በሙላት ጊዜ ይተኛል እንጂ አይሰበርም። ከዚያ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቬቲቨር ሣር ጥሩ ነው፤ ሥሩ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በጥልቅ አፈር ውስጥም ከ2 ሜትር በላይ ይደርሳል። ውሃ በቋሚነት በተኛበት አፈር ውስጥ ግን ይህን ያህል ጥልቀት አይጠበቅበትም። ትልልቅ ዛፎችን በሚቦረቦር ጠርዝ ላይ መትከል አደገኛ ነው፤ ነፋስ ግንዱን ሲወዘውዝና ክብደቱ ሲጨምር፣ ዛፉ ሲወድቅ ከነሥሩ ብዙ አፈር ይዞ ይሄዳልና። ዛፍ የግድ ካስፈለገ ከጠርዙ ገባ ተደርጎ ይተከል። በጨዋማ ሞቃት ባሕር ዳር ያለው ማንግሮቭ የተባለ ዛፍ ለዚህ ሕግ ልዩ ነው፤ የአየር ሥሮቹ ራሳቸው ሞገድ ሰባሪ ናቸው።

በሁሉም ዘንድ ተመራጩ በዚያው ውሃ ዳር ቀድሞ የሚገኝ ተክል ነው። ከውሃው መዋዠቅ ጋር ተስማምቶ ስለኖረ የመጽደቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ዳርቻውን ማዘጋጀትና መትከል

ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ላይ ምንም ተክል አይጸናም። ቦታ ካለ ጠርዙን አሰናድተው ለ1 ሜትር ከፍታ 2 ወይም 3 ሜትር አግድም ስፋት ያለው ተዳፋት ያድርጉት። ተንጠልጥሎ ያለውን ሣር ቆርጠው አይጣሉት፤ ከነአፈሩ አንሥተው በተስተካከለው ተዳፋት ላይ መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉና።

የመትከያው ወቅት ውሃው ጎድሎ፣ ዋናው ሙላት ግን ቢያንስ ጥቂት ወራት የቀሩት ጊዜ ነው። ተክሉ ሥር ሳይሰድ ሙላት ከደረሰበት ተነቅሎ ይሄዳል፤ ዘግይቶ በደረቅ ጭቃ ከተተከለ ደግሞ ይጠወልጋል። ሸንበቆ፣ ፊላና ቄጠማ ከዘር ይልቅ ከነሥሩ ተቆፍሮ በተወሰደ ጉቶ ቢተከሉ ይመረጣል። እያንዳንዱ ጉቶ ቢያንስ አንድ ሕያው ቡቃያና የተወሰነ አግድም ግንድ ከነአፈሩ ሊኖረው ይገባል። ከምንጩ ቦታ ሲወስዱ አንድ ቦታ አይጨርሱ፤ እዚህም እዚያም ተራርቀው ይቁረጡ፤ ያለዚያ አንዱን ዳርቻ ለማዳን ሌላውን ማራቆት ይሆናል። ሥሩ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በዚያው ቀን ይትከሉ።

ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቀት፣ አንዱ መስመር ከሌላው እንዲተላለፍ አድርገው ይትከሉ። አዲስ ጉቶ የሚተከልበት ውሃ ከ15 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ የግንዱ ጫፍም የግድ ከውሃው በላይ መውጣት አለበት። ለዚህም ረዥሙን ቅጠል መቀነስ ይቻላል፤ ከውሃው ሥር እስኪሆን ድረስ ግን ፈጽሞ አይቆረጥም። ሞገዱ ነቅሎ እንዳያወጣው ጉቶውን በቁም ከተቀበረ በኋላ በእግር ረገጥ አድርገው ያጥብቁት፤ ሞገዱ ከበረታም ቅርንጫፍ ባለው የእንጨት ችካል ይያዙት።

የአኻያ ቅርንጫፍ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ርዝመትና የአውራ ጣት ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆረጥና ቅጠሉ ይራገፋል፤ ለአንድ ቀን ያህልም በውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ ይቀረጻል፤ ይህም ለመትከል ከማመቻቸቱ ሌላ የቱ ታች የቱ ላይ እንደሆነ ያስታውሳል፤ ተገልብጦ የተተከለ ቅርንጫፍ እምብዛም አይጸድቅም። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው በብረት ዘንግ ቀድሞ በተበሳ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ዙሪያው አየር እንዳይቀር በደንብ ይጠቀጠቃል። ቅርንጫፉን በመዶሻ ደብድቦ ማስገባት ግን ጫፉን ስለሚሰነጥቀው አይመከርም።

ሞገድ በሚመታው ግርጌ ላይ ተክል ብቻውን የመጀመሪያዎቹን ወራት አይቋቋምም። እዚህ ላይ መሸጋገሪያ መከላከያ ያስፈልጋል፤ በተለምዶ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮኮናት ቃጫ ጥቅል ወይም በእጅ የተቋጠረ የጭራሮ እስር በግርጌው ርዝመት ተጋድሞ በሁለቱም በኩል በካስማ ይታሰራል። ግማሹ ከውሃው በታች መሆን አለበት። ከዚህ ከፍ ካለ ሞገዱ ከሥሩ እየገባ ያለውን አፈር ያወጣዋል። ጉቶዎቹ ከጀርባውና ቃጫው ውስጥም ጭምር ይተከላሉ። ቃጫው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ በዚያን ጊዜ ሥሩ ቦታውን መረከብ ይኖርበታል። የሥራው ሁለት ጫፎች ወደ ደህናው ዳርቻ ገባ ተደርገው ካልታሰሩ ውሃው ከጀርባ ዞሮ ሁሉንም ሊያፈርሰው ይችላል፤ እኔ በበኩሌ ገንዘብና ጉልበት ሲያጥር ከመካከሉ ቀንሶ ጫፎቹን ማጠናከር ይሻላል እላለሁ።

እስኪጸና መጠበቅ

አዲስ የተተከለ ዳርቻ ቢያንስ ሁለት የዕድገት ወቅቶችን ከከብት መከለል አለበት። ከብት ቅጠሉን መብላቱ ትንሹ ጉዳት ነው፤ ኮቴው እርጥቡን አፈር ሲረግጠው ወጣቱን ሥር ይበጥሳል፤ የአፈሩንም የአየር ቀዳዳ ይደፍናል። ከብት ውሃ መጠጣቱ ስለማይቀር ጠንካራ መሬት ያለው አንድ መውረጃ መርጦ በጠጠር መደልደል ይገባል፤ መላውን ዳርቻ መዝጋት ብዙ ጊዜ አጥሩን ከማስፈረስ በቀር ፋይዳ የለውም።

የሣርና የሸንበቆ አጨዳ በራሱ ጎጂ አይደለም፤ አቆራረጡ ነው ወሳኙ። ቀደም ሲል እንደተባለው ሥሩ የሚተነፍሰው ከውሃ በላይ በቆመው ግንድ፣ በደረቀውም ጭምር በመሆኑ፣ ከውሃው በታች የታጨደ ፊላ ወይም ሸንበቆ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። እንዲያውም ፊላን ለማጥፋት የሚፈልጉ ሰዎች ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። ስለዚህ ማጭድ ከሙላቱ መስመር በላይ ይለፍ፤ ለውሃው የቀረበው ሰቅም ጨርሶ ሳይታጨድ ይቆይ። ሥሩን መንቀል ወይም ደረቁን ማቃጠል በዚህ ሰቅ ውስጥ መፈቀድ የለበትም።

ማዳበሪያም ጥንቃቄ ይሻል። ተክሉ እንዲፋፋ በማሰብ ማዳበሪያ መጨመር በረግረግ ላይ የተገላቢጦሽ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፕለም አይላንድ በተባለ የባሕር ዳር ረግረግ ውስጥ ለ9 ዓመታት ንጥረ ነገር ሲጨመር ቆይቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲገለጽ፣ ቅጠሉ እያደገ ሥሩ ግን እየቀነሰ፣ አፈሩም በፍጥነት እየበሰበሰ የቦዮቹ ዳርቻ መሰንጠቅና መገመስ እንደጀመረ ታይቷል። ምግብ በቅርብ የሚያገኝ ተክል ሥሩን ለፍለጋ መስደድ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከእርሻ የሚወርድ ማዳበሪያና ከመኖሪያ የሚለቀቅ ፍሳሽ ካለ፣ ከዳርቻው በላይ ሌላ የሣር መደብ ሠርቶ ማጥለል ያስፈልጋል። ነዳጅ ዘይት ከዚህም የከፋ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዘይት በፈሰሰ ጊዜ በከባዱ የተበከሉት ረግረጎች ሣራቸው ከነሥሩ ሞቶ የመሸርሸር ፍጥነታቸው ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ነበር።

ውጤቱን በዓይን መገመት አያስተማምንም። ግማሽ ሜትር የሚሆኑ ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን በዳርቻው ፊት ላይ አግድም ቀብረው 5 ሴንቲሜትር ብቻ ወደ ውጭ እንዲተርፉ ያድርጉ፤ አንዳንዶቹ ከሥሩ መረብ ላይ፣ አንዳንዶቹ ከእሱ በታች ይሁኑ፤ ሰውና እንስሳም እንዳይጎዱ ጫፋቸው ይሸፈን። ከሙላት በፊትና በኋላ እየለኩ ይመዝግቡ። ዘንጉ ወደ ውጭ እየረዘመ ከሄደ አፈሩ እየተወሰደ ነው፤ ካጠረ ደለል እየተኛ ነው። የላይኞቹ ባሉበት ሆነው የታችኞቹ ብቻ ከረዘሙ ግርጌው እየተቦረቦረ ስለሆነ፣ የደረቁትን ጉቶዎች ከመተካት በፊት የቃጫውን ጥቅል ዝቅ አድርጎ ማሰር ይቀድማል። ሁለት የሙላት ወቅት አልፎም መቦርቦሩ ካልቆመ፣ የዚያ ቦታ ሞገድ ከሥር አቅም በላይ ስለሆነ በግርጌው ላይ ብቻ ድንጋይ ደርድረው ተክሉን ከድንጋዩ ጀርባና በድንጋዮቹ መካከል ይትከሉ።